ኮብላይ የተባሉት ሰዎች

በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለሁ «ከሥራው ኮብልሏል» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ። ሰውዬው ለምን እንደሄደ ግን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ይህችን አጭር ታሪክ ያቀረብኩት ይኸው ነገር ሲከነክነኝ ስለኖረ ነው።

በድሮ ዘመን በሜዲትራንያን ባሕር ላይ በመቅዘፊያ የሚሄዱ የጦር መርከቦች ነበሩ። ከቀዛፊዎቹ ብዙዎቹ ባሮች፣ ምርኮኞችና ወንጀለኞች ሲሆኑ፣ እንዳያመልጡ ከመቀመጫቸው ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በፈረንሳይ አገር ከ1684 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጦር የከዳ ወታደር አፍንጫውና ጆሮው ተቆርጦ፣ ጉንጩ በጋለ ብረት ተተኩሶ ወደነዚሁ መርከቦች ይላክ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1821 እ.ኤ.አ. ሰናርን ካስያዘ በኋላ ልጁ ኢስማኢል ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒሻንጉል የወርቅ አገር ዘለቀ። የመጡበትም ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ ወርቅ፣ ሁለተኛው ለወታደርነት የሚሆን ሰው። የተያዘው ሰው አንገቱ በባላ እንጨት እየታሰረ ወደ ሰሜን ተነዳ። በአስዋን የጦር ሰፈር ሴቭ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ያሠለጥናቸው ጀመር። ነገር ግን በሽታ ፈጃቸው። ከ20,000 ያህሉ በ1824 እ.ኤ.አ. በሕይወት የተገኙት 3,000 ብቻ እንደነበሩ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ ተራው የግብፅ ገበሬ ሆነ። እሱም ላለመዝመት ጣቱን ቆረጠ፣ ዓይኑን አጠፋ፣ ከሰፈሩም ኮበለለ። የተያዘው ይገረፋል፤ ቅጣቱ የከበደበትም እስክንድርያ ወደብ ሊማን በሚባለው እስር ቤት ከባድ ሥራ ይሠራል።

እውነቱን ለመናገር ሰው የሸጡት ባዕዳን ብቻ አይደሉም፤ የአገራችንም ሹማምንት ሸጠዋል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወዶ ያልገባ ሰው ቢወጣ ከዳተኛ ሊባል ይገባልን? ለኔ የከዳው ሰውን ከቤቱ ነጥቆ ያሰረው ነው።

እኛ እድርተኞች አንድ ሰው ሲሞትብን ድንኳን ተክለን፣ ስሙን ጠርተን እንቀብራለን። እነዚያ በአስዋን ያለቁት ወገኖች ግን ዘመድ አልቀበራቸውም። ፈጣሪ ይማራቸው። ስለዚያ ዘመን ከአባቶቹ የሰማ ሽማግሌ ካለ፣ ለእድራችን ጸሐፊ እየነገረ ያስመዝግብልን።