አርባ ልጆችና የአማርኛ ጆሮ

ከመሀል አዲስ አበባ ወጥቶ ገላን ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው፣ ቁልፍ በተረከበ በሳምንቱ ጉሊት ላይ የመጀመሪያ ትምህርቱን ይወስዳል። «ሜቃ?» ብሎ መጠየቅ ሽንኩርቱን አያረክስለትም፤ የሻጯን ፊት ግን ይፈታለታል። ገላን የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነውና አዲሱ ነዋሪ ገና አድራሻውን ሲናገር ከጎረቤቶቹ ቋንቋ አንድ ቃል ተውሷል።

ከመቶ ዓመት በፊት ከዱከም ወደ አቃቂ በሚዘልቀው ሀዲድ ላይ ከዚህ የባሰ እንግድነት ይዘው ያለፉ ልጆች ነበሩ። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ፣ በአርመን ፓትርያርክ ገዳም፣ የነሐስ መሣሪያ የሚነፉ ወጣቶች ተቀበሏቸው። በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ናቸው። ራስ ተፈሪ ፓትርያርኩን አስፈቅደው 40ውን ለመንግሥታቸው ማርሽ ባንድ ወሰዷቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ለእንቁጣጣሽ አምስት ቀን ሲቀረው።

ከተማው «አርባ ልጆች» አላቸው። አርመኖቹ ራሳቸው ታሪኩን ሲያወሱ ዛሬም በዚሁ የአማርኛ ስም ይጠሯቸዋል።

አዲስ አበባ ለአርመን እንግዳ አልነበረችም። ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ታውቋል፤ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ መኪና ነው ይባላል። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያንም ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ልጆቹን ይዞ የመጣው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን የአይንታብ ሰው ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መለከት ለመንፋት አማርኛ አያስፈልግም፤ ኖታው በየትም አገር ያው ነው። ለሰው ድምፅ ዜማ ማውጣት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን አልሆነም» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ይሆናል። «አለ» ከላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ከጠበቀ መኖርን ይገልጻል። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ የሸመደደ እንግዳ እንኳ ይህን ከወረቀት ላይ አያገኘውም፤ ሰው ሲያወራ ሰምቶ ነው የሚለየው። የሚጠብቀው ቃል ዜማው ላይ ከላላ ሕዝቡ ይስቅበታል።

ኬቮርክ ከዚህ ጋር የተጋፈጠው በከባድ ሥራ ላይ ነው፤ በብሔራዊ መዝሙሩ። ግጥሙን የጻፈው ቅኔ አዋቂው ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማውን የደረሰው ኬቮርክ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ተሰማ። ለዘመናት የተዘመረው የአገር መዝሙር ከአይንታብ የመጣ ስደተኛ ድርሰት መሆኑን ስንቱ ዘማሪ ያውቅ ነበር?

ባንዱ ብዙ አልቆየም። ከአርባዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ ቀሩ። ከኬቮርክ በኋላ የመጣው የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያን ከአጎቱም ርቆ ሄደ። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መራ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ለአማርኛ ዘፋኞች ዜማ ደረሰ፣ አቀናበረ። በእኛ አገር የባንድ ታሪክ ሲነሣ ከነፊው በፊት መመስገን ያለበት የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጆሮ ነው።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ መዝሙሩ በሌላ ተተካ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ተሰልፈው የዘመሩት ዛሬ አርጅተዋል፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥም አንድ ሁለቱ ሳይኖሩ አይቀሩም። ደረጃው ላይ ካገኛችኋቸው አንድ ጊዜ እንዲያዜሙላችሁ ለምኗቸው፤ የቱ ቃል ላይ እንደሚያጠብቁም አዳምጡ።