ከቡታጅራ ወደ አሶሳ፦ የዶክትሬት ሥልጠናና የጥናት ሥፍራ

በአሶሳ ዙሪያ ገጠር ከቤቱ ሳይወጣ የሞተ ሕፃን በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ አይገኝም። መዝገቡ የሚያውቀው ወደ እኛ የመጣውን ሕመምተኛ ብቻ ነው። ስለሆነም የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ በምን እንደሚታመምና እንደሚሞት ለማወቅ ከመዝገቡ ባሻገር የሚመለከት ተመራማሪ ያስፈልጋል። ይህ ተመራማሪ የት ይሠልጥን? የአገራችን የጤና ምርምር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ ሳሬክ በተባለው የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ድጋፍ፣ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮጀክት መሠረተ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪው ቤት ለቤት ተቆጠረ፤ ከ1987 ጀምሮም ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሳይቋረጥ ይመዘገብ ጀመር።

የዶክትሬት ተማሪዎቹ ለትምህርትና ለመረጃ ትንተና በየጊዜው ወደ ኡሜዎ ይሄዱ ነበር፤ ጥናታቸውን የሚያካሂዱት ግን ቡታጅራ ነበር። ዶ/ር ደስታ ሻሜቦ ሞትንና መንስኤዎቹን አጠኑ። ዶ/ር አታላይ ዓለም በ1997 የገጠሩን ሕዝብ የአእምሮ ጤና፣ ዶ/ር የማነ ብርሃነ ደግሞ በ2000 የገጠር ሴቶችን ጤና መርምረው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ውሎ አድሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በኅብረተሰብ ጤና የዶክትሬት ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ የቀድሞዎቹ ተማሪዎችም በተራቸው የሌሎች አማካሪ ሆኑ።

በእኔ እምነት ትብብሩን ፍሬያማ ያደረገው የውጭው ዲግሪ ብቻ አይደለም። አንዱ ተማሪ ሲመረቅ የሕዝቡ መዝገብ ለሚቀጥለው ይቆየው ነበር። ወደ ውጭ ልከን የጥናት ሥፍራ ሳናዘጋጅ የምንጠብቀው ምሁር ግን፣ ቢመለስም እንኳ ሥራውን ከባዶ ይጀምራል።

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ2011 ነው። ከአንጋፋ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲዋዋል ስለ ትምህርት ዕድል ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስለ ጥናት ሥፍራም ሊነጋገር ይገባል፦ ለዓመታት የሚዘልቅ ምዝገባ፣ በርታኛና ጉሙዝኛ የሚናገሩ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ በአሶሳ የሚቀመጥ መረጃ። ያኔ በቤቱ የሞተው ሕፃንም ይቆጠራል፤ የሞቱ ምክንያትም ይጠየቃል።