ትራውት

ትራውት የሳልሞን ዘመድ የሆነ፣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ወራጅ ውሃ የሚወድ አሳ ነው። ስሙን ከእንግሊዝኛ እንዳለ ወስደነዋል፤ አሳውም ራሱ መጤ ነው። በባሌዋ ዲንሾ ከተማ አጠገብ የሚወርደው የዌብ ወንዝና ሌሎች የባሌ ደጋ ጅረቶች ትራውት ያገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከኬንያ መጥቶ ሲለቀቅባቸው ነው።

ቃሉ በእኛ አገር ሁለት አሳዎችን ያቅፋል። ባለቀስተ ደመናው ከጎኑ ሮዝ መስመር ተስቦበታል፤ ትውልዱ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ወንዞች ነው። ቡናማው የአውሮፓ ሲሆን ነጣ ባለ ቀለበት የተከበቡ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉት። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ፣ ወደ ጭራው ጠጋ ብላ፣ አጥንት የሌላት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለቻቸው። ቆሮሶ ይህች ክንፍ የላትም።

ዲንሾ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ውሃዋ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ ትራውት የተስማማው ለዚህ ነው። ነገር ግን አዳኝ ነው፤ ነፍሳትን፣ ትናንሽ አሳዎችንና የእንቁራሪት እጮችን ይበላል። ባሌ ደግሞ በሌላ አገር የማይገኙ እንቁራሪቶች መኖሪያ ነው። ስለዚህ ትራውትን አጥምዳችሁ ብሉት፤ በሕይወት እያለ ግን ወደ ሌላ ጅረት አትውሰዱት።