ቡናማው ቀለም እንዲታመን

ከውሻ ቆዳ ላይ የተቆረጠ እብጠት ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ወደ እንስሳት ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ በፓራፊን ሰም ውስጥ ይጠነክርና ከሚሊሜትር መቶኛ በታች ሆኖ በስሱ ይቆረጣል፤ ከዚያ አንቲቦዲ ይፈስበታል። አንቲቦዲው የሚፈልገውን ፕሮቲን ካገኘ ቦታው ቡናማ ይሆናል፣ የቀሩት ሕዋሳት ኒውክለስ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ይሉታል። ለውሻው ቀዶ ጥገናው ይበቃዋል ወይስ ኬሞቴራፒ ይጨመርለት የሚለው ውሳኔ በዚህ ቀለም ሊወሰን ይችላል፤ ያው እብጠት ከሁለት ላቦራቶሪ ሁለት መልስ ይዞ ሲመለስ የሚጎዳው እንስሳው ነው።

የአሜሪካ የእንስሳት ላቦራቶሪ ምርመራ ባለሙያዎች ማኅበር ንዑስ ኮሚቴ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የጋራ መመሪያ ያቀረበው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነበር።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፎርማሊኑ ጠርሙስ ነው። ፎርማሊን ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፕሮቲኖችን እርስ በርስ በማቆላለፍ ነው። ትልቅ እብጠት ሳይሰነጠቅ በጠባብ ጠርሙስ ከታጨቀ ዳር ዳሩ ጠንክሮ መሃሉ ጥሬ እንደሆነ ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ለአንድ እጅ ሥጋ አሥር እጅ ፎርማሊን የሚመከረው። ለሳምንታት ከቆየ ደግሞ አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ይሸፈናል። ተመራማሪው ሻን ሮንግ ሺና ባልደረቦቹ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ቁራጩን በማይክሮዌቭ በማሞቅ የተሸፈነው እንደሚገለጥ አሳዩ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ግን ሙቀቱ፣ ደቂቃውና የፈሳሹ አሲድነት ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ከተለያየ ቀለሙም ይለያያል።

አንቲቦዲው ራሱም ማረጋገጫ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ለሰው ፕሮቲን የተሠሩ በመሆናቸው የውሻውን አውቀው የፈረሱን ሊስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ፕሮቲኑ እንዳለበት የታወቀ፣ የዚያው ዝርያ ሥጋ ጎን ለጎን ይቀለማል፤ ዋናው አንቲቦዲ ያልገባበት ስላይድም አብሮ ይታያል። ሜላኖማ ላይ ሜላኒኑ ራሱ ቡናማ ስለሆነ ጥንቁቅ ባለሙያ ቀይ ቀለም ይመርጣል።

ወደ ውሻው እብጠት እንመለስ። ማስት ሴል ካንሰር ከሆነ ኪት የተባለው ፕሮቲን መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ከተሰለፈ ተስፋው የተሻለ ነው፤ ወደ ውስጥ ከተሰራጨ ግን በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። «ኪት ተገኝቷል» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት ለሐኪሙ የሚነግረው ጥቂት ነው። የት እንደተቀለመ፣ በየትኛው አንቲቦዲ፣ በምን ዓይነት ማሞቂያ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ላኪው ሐኪምም ናሙናው ፎርማሊን የገባበትን ቀንና ሰዓት ቅጹ ላይ ባዶ መተው የለበትም።