ማሳየትና መጠበቅ፤ ስለ ሐረር ጀጎል ጥንታዊ ቤቶች

ስለ አገራችን ጥንታዊ ሕንፃዎች በተነገረ ጊዜ አስቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው የአክሱም ሐውልት፥ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ወይም የጎንደር ግንብ ነው። እነዚህ ሁሉ ነገሥታት ያሠሯቸው ወይም ለአምልኮ የተለዩ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ሐረር ግን ከእነዚህ የተለየ ጥያቄ ታቀርብልናለች። በጀጎል ቅጥር ውስጥ የሚጠበቀው ቅርስ መስጊድና ቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያድርበት፥ ልጅ የሚያሳድግበት፥ ሙሽራ የሚያስገባበት ተራ የመኖሪያ ቤት ጭምር ነው። ስለዚህ ይህን አጭር ጽሑፍ ስናዘጋጅ የያዝነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ከተማ ሰው የሚኖርበትን ቤት እንዴት አድርጎ ይጠብቀዋል? ለእንግዳ ማሳየቱስ ለመጠበቁ ይረዳል ወይስ ይጎዳል? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

፩፤ የከተማዪቱ ታሪክ ባጭሩ

ሐረር በ1520 የአዳል ሱልጣኖች መቀመጫ ሆነች። ዛሬ ጀጎል የሚባለውን ቅጥር ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደ ሆኑ በአገሩ ሰው ዘንድ የታመነ ነው። ቅጥሩ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ እነርሱም ዛሬ በአማርኛ ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። ስድስተኛው በር የተከፈተው ከ1887 በኋላ ነው። ቅጥሩ የከበበው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ቢሆንም፥ በከተማው ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወልዮች መዘከሪያ ቦታዎች እንደሚገኙ ተቈጥሯል። ስለዚህ ቤቶቹ ተጠጋግተው፥ መንገዶቹም ጠበው መሠራታቸው አያስደንቅም።

ሐረር ከ1647 ጀምሮ በራሷ አሚሮች ስትተዳደር ቆየች። ለውጭ አገር ሰው በቀላሉ የማትከፈት ከተማ ስለ ነበረች፥ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ገብቶ ዐሥር ቀን መቀመጡ በአውሮፓ እንደ ትልቅ ነገር ተወርቶለት ነበር። ከዚያ በኋላ ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት። በጥር 1887 በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂ ድል ሆነው ከተማዪቱ በምኒልክ እጅ ገባች፤ አስተዳደሩም ለራስ መኰንን ተሰጠ። የህንድ ነጋዴዎች መጥተው ባለ ሰገነት ቤቶችን የሠሩት ከዚህ ወዲህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነገር ለጥናታችን ከሁሉ የበለጠ ጥቅም አለው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በተራራው አቀማመጥ ምክንያት ሐረርን ትቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ንግዱም ቀስ በቀስ ወደዚያው ወረደ። ለነጋዴው ጉዳት የሆነው ይህ ነገር ለቤቶቹ ጥቅም ሆነላቸው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም፤ ምክንያቱም ሀብት የሚጎርፍበት ከተማ አሮጌውን እያፈረሰ አዲስ ይሠራል፤ ንግድ የራቀው ከተማ ግን ያለውን እየጠገነ ይኖራል። በኋላም አዲሱ ከተማ ከቅጥሩ ውጭ ወደ ምዕራብ ስለ ተስፋፋ ጀጎል ከመፍረስ ዳነች። እንግዲህ የሐረር ቤቶች እስከ ዘመናችን የደረሱት ማንም ሰው ቅርስ ናቸው ብሎ ስለ ጠበቃቸው ሳይሆን ሰው ስለ ኖረባቸው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

፪፤ ስለ ቤቱ አሠራር

የሐረሪ ሰዎች ቤታቸውን ጌይ ጋር ይሉታል፤ ይኸውም የከተማ ቤት ማለት ነው። ከውጭ የሚያየው መንገደኛ ከድንጋይ ግንብና ከአንድ በር በቀር የሚታየው ነገር የለም። ግንቡ ሐሺ ከሚባለው የአገሩ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠራ ነው። የቤቱ ጌጥ ሁሉ በውስጥ ነው። በዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉ፥ ከፍታቸው እየተበላለጠ የሚሄድ አምስት መደቦች አሉ። እያንዳንዱም የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው፤ አሚር ነደባ የሚባለው ለአባወራው የተለየ ሲሆን፥ ከዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ በሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። በግድግዳው ላይ ለመጻሕፍትና ለዕቃ ማኖሪያ የተቦረቦሩ መስኮት መሳይ ቦታዎች አሉ። ሴቶች በእጃቸው የሰፏቸው የስፌት ሥራዎችም ግድግዳውን ያለብሱታል። ኪርታት የምትባለው ትንሽ ክፍል ደግሞ አዲስ ሙሽሮች የጫጕላ ቀናቸውን የሚያሳልፉባት ናት። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ የቀዩም ቀለም በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ቤቱ የቤተ ሰብን ሥርዓት በድንጋይና በጭቃ ጽፎ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፥ እንግዳ እንዴት እንደሚከበር፥ ሙሽራ እንዴት እንደሚገባ ከመደቡ ላይ ይነበባል። ሁለተኛ፥ ቤቱ ያለ ሰው እጅ አይቆምም። ጭቃ ዝናብን ይፈራል፤ ኖራና ቀይ አፈርም በየጊዜው ካልታደሱ ይረግፋሉ። ባለቤቶቹ ለበዓል ሲሉ ቤታቸውን በኖራና በቀይ አፈር በቀቡ ቍጥር፥ የጥገና ባለሙያ በብዙ ገንዘብ የሚሠራውን ሥራ በልማድ ይሠሩት ነበር።

፫፤ የሕጉና የከተማው ጥረት

በአገራችን ጥንታዊ ቅርሶችን የሚመለከት አዋጅ በ1966 ወጥቷል። ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው የ2000 ዓመተ ምሕረቱ አዋጅ ቍጥር 209 ደግሞ ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው፥ ያለ ፈቃድም እንዳይለውጠው ያዛል፤ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ ዐቅም በላይ በሆነ ጊዜ መንግሥት በከፊል ሊረዳው እንደሚችልም ይናገራል።

ነገር ግን በሁለቱ አዋጆች መካከል ሌላ አዋጅ አለ። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን በተባለ ጊዜ፥ በጀጎል ውስጥም ባለቤትና ቤት የተለያዩበት ብዙ ስፍራ ሆነ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራውም ቤት ለብዙ ተከራይ ሲከፋፈል መደቡና ክፍሉ ከሥርዓቱ ወጣ። ተከራይ የሰው ቤት ነው ብሎ አይጠግንም፤ በዚያች ኪራይ ደግሞ ቀበሌው ጣራ ሊያድስ አይችልም። ከዚህም አስቀድሞ ከ1948 ወዲህ በፖለቲካ ምክንያት ብዙ የሐረሪ ሰዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ጀምረው ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላም ወደ ባሕር ማዶ የሄዱት በዙ። ባለሙያው ቤተ ሰብ ሲሄድ የቤቱ ጠባቂ ሄደ ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከተማው ቅርሱን ለመጠበቅና ለማሳየት ብዙ መድከሙን መመስከር ይገባናል። ሐረር በ2003 ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት ተቀበለች። በ2006 ጀጎል በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች። በ2023 ደግሞ የሸዋሊድ በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። ጌይ ጋርን ከነዕቃው የሚያሳይ ቤተ መዘክርም ተቋቁሟል። ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፥ የህንድ ነጋዴ ባሠራው ቤት ውስጥ፥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፥ ገንዘቦች፥ ጌጣጌጦችና አልባሳት ተቀምጠው ይታያሉ። ይህ ስብስብ በመጀመሪያ የተቀመጠው በሰብሳቢው መኖሪያ ቤት ነበር፤ የክልሉ መንግሥት ትልቁን ቤት አድሶ ሲሰጣቸው ሁለት ቅርስ በአንድ ጊዜ ዳነ፤ ስብስቡ ማደሪያ፥ ቤቱም ሥራ አገኘ።

፬፤ ማሳየትና መጠበቅ አንድ አለመሆናቸው

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ያሰጋንን ነገር ደግሞ ሳንሸሽግ እንናገራለን። ማሳየትና መጠበቅ ወንድማማቾች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 ወደ ሐረር መጥቶ እየወጣና እየገባ እስከ 1891 ድረስ ነግዷል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ያማረ ባለ ፎቅ ቤት ግን የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው እንጂ እርሱ የኖረበት አይደለም። ስሙ ብዙ ጎብኚ ስላመጣ ቤቱ ከመፍረስ ዳነ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያሠራው ነጋዴና የጠረበው አናጢ ተረስተው ያልኖረበት ሰው ሲታሰብ፥ ማሳየት እውነትን ሊሸፍን እንደሚችል ያስተምረናል። ለታሪክ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የፊትና የውስጥ ጉዳይ ነው። ጎብኚ የሚያየው መንገዱን፥ በሩንና የግንቡን ፊት ስለ ሆነ፥ ገንዘብም ልብም ወደዚያ ያዘነብላል። የሐረር ቤት ግን፥ ከላይ እንደ ተናገርነው፥ ፊቱ ዝም ያለ፥ ውስጡ የሚናገር ነው። የመንገዱ ግድግዳ በቀለም አምሮ ሳለ ውስጡ ያለው ነደባ ፈርሶ በሲሚንቶ ቢተካ፥ ከተማው ቅርሱን አሳየ እንጂ ጠበቀ አይባልም። የእንጨቱን በር በብረት መለወጥ፥ በድንጋዩ ላይ ሲሚንቶ መለሰን፥ ጣራውን በቆርቆሮ መክደን በጀጎል የታዩ ጉዳቶች ናቸው። ሲሚንቶ ጠንካራ ቢመስልም በጭቃ ከተያያዘ ድንጋይ ጋር አይስማማም፤ በውስጥ የታፈነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ግንቡን ያበላሸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል፤ ተቃውሞውም እውነትነት አለው። «እናንተ ለአንድ ሰዓት ጎብኝታችሁ ትሄዳላችሁ፤ በጠባቡ ቤት የሚኖረው ግን ባለቤቱ ነው። ውሃና መጸዳጃ፥ ለልጆቹም ተጨማሪ ክፍል ሲፈልግ ቅርስ ነውና አትንካ ማለት ግፍ አይደለም ወይ?» ቢባል ምን እንመልሳለን? ግፍ ነው እንላለን፤ ክልከላው ብቻውን ከሆነ። ሕግ ባለቤቱን በራስህ ወጪ ጠብቅ ብሎ ካዘዘው በኋላ፥ ያው ሕግ የፈቀደው እርዳታ ካልደረሰው፥ ወይ በስውር ያፈርሳል ወይ ትቶ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ቤቱ ይጠፋል።

፭፤ ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የደረስንበት አሳብ እንዲህ ነው። የሐረርን ቤት ለብዙ ዘመን የጠበቀው ነዋሪው ነው፤ ወደፊትም የሚጠብቀው ነዋሪው ነው። ስለዚህ የከተማው ጥረት መመዘን ያለበት በጎብኚው ቍጥር ወይም በመንገዱ ውበት ሳይሆን፥ ስንት ቤተ ሰብ በጌይ ጋር ውስጥ መኖርን ወድዶ ቀጠለ በሚለው ነው። ጣራ ለሚያድስ ባለቤት እንጨትና ኖራ ማቅረብ፥ የጥንቱን ግንበኛ ሙያ ለወጣቶች ማስተማር፥ ውሃና መጸዳጃ ቤቱን በማይጎዳ መንገድ እንዲገባ ባለሙያ መመደብ፥ ከማሳየቱ በፊት የሚቀድሙ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ በጀጎል አንዳንድ ቤተ ሰቦች ከቤታቸው ከፍለው እንግዳ እያሳደሩ ገቢ ያገኛሉ፤ ይህ ማሳየትንና መጠበቅን ያስታረቀ መንገድ ስለ ሆነ ሊበረታታ ይገባዋል።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚተርፍ ሥራ አለ። ቤቶቹን እየለኩ ንድፋቸውን ማንሣት፥ የመደቦቹንና የክፍሎቹን ስም ከአረጋውያን እየጠየቁ በሐረሪ ቋንቋ መጻፍ፥ ማን እንዳሠራቸውና ማን እንደ ኖረባቸው መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። የፈረሰ ግንብ በተነሣ ንድፍ መልሶ ሊሠራ ይችላል፤ ስሙን የሚያውቀው ሽማግሌ ካለፈ በኋላ ግን የነደባውን ስም ከድንጋዩ መጠየቅ አይቻልም። መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን በዚህ ጽሑፍ ጉድለት ቢያገኙ እንዲያርሙን፥ ከዚህ የበለጠውንም እንዲጽፉ በትሕትና እንጠይቃለን።