ራንሰምዌር

ራንሰምዌር ኮምፒውተር ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ፋይሎችን የሚቆልፍና ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። የዱቤ መዝገቡ፣ የደንበኛው ስልክ፣ የወሩ ደረሰኝ ሁሉ ዲስኩ ላይ አለ፤ ባለቤቱ ግን ሊከፍተው አይችልም።

«ትንሽ ድርጅት ማን ብሎ ያጠቃል?» የሚለው ግምት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሬቪል የተባለው ቡድን በአሜሪካው ካሴያ ኩባንያ ሶፍትዌር በኩል ገብቶ፣ በኩባንያው ግምት ከ800 እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶችን መታ። ብዙዎቹ እንደ ጥርስ ክሊኒክና የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ያሉ ትንንሾች ነበሩ፤ ኮምፒውተራቸውን በዚሁ ሶፍትዌር የሚከታተልላቸው ሌላ ድርጅት ነበር። አደጋው የገባውም ባመኑት በር ነው። በዚሁ ጥቃት በስዊድን ደግሞ ኩፕ የተባለው ሱፐርማርኬት የሒሳብ ማሽኖቹ ስለቆሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ መደብሮቹን ዘጋ።

የከፈለ ሁሉ ፋይሉን አያገኝም። መጠባበቂያ ቅጂ የያዘ ሃርድ ዲስክም እንደተሰካ ከቆየ አብሮ ሊቆለፍ ይችላል። ባለሱቆች፣ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት።