በየ6 ሰዓቱ የሚጎድለው መድኃኒት

«ልጄን ለኩላሊት ስካን ጨረር ያለው መርፌ ሊወጉት ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ አይቀርም ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ መልሱ ያለው የመድኃኒቱ ታሪክ ውስጥ ነው።

ስሙ ቴክኒሺየም-99ኤም ነው። ንጥረ ነገሩን በ1937 እ.ኤ.አ. ኤሚሊዮ ሴግሬና ካርሎ ፔሪየር ጣሊያን ፓሌርሞ ውስጥ አገኙት፤ ከአሜሪካ በፖስታ ከተላከ የሞሊብዲነም ቁራጭ! በማግስቱ ዓመት ሴግሬ ከግሌን ሲቦርግ ጋር በርክሌይ ላይ 99ኤም የተባለውን ዓይነት ለየ። የዚህኛው ጨረር በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ለታካሚ ጥሩ ነው፤ ግን እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር እንዴት ሆስፒታል ይደርሳል? መላ የተገኘው በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ በሚገኘው የብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ነው። ቴክኒሺየሙን ሳይሆን «እናቱን» ሞሊብዲነም-99ን መላክ! እሷ በግማሽ ለመቀነስ 66 ሰዓት ይፈጅባታል። ሆስፒታሉ በእርሳስ ከተሸፈነው ዕቃ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በጨው ውኃ ቴክኒሺየሙን ይቀዳል። ባለሙያዎቹ ዕቃውን «ላም»፣ ሥራውን «ማለብ» ይሉታል (እውነቴን ነው)።

ስለዚህ ጨረር የለውም አልላችሁም፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ16 እጅ 1 እጅ ብቻ ይቀራል፣ በሽንት የሚወጣው ሳይቆጠር። ሐኪሙ ካልከለከለ ልጁ ውኃ በደንብ ይጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ይሽና። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ጡት የምታጠቡ ከሆነ ከመርፌው በፊት ተናገሩ። ቀጠሮም አታሳልፉ፤ ዛሬ ለልጃችሁ የታለበው ለነገ አይደርስም።